ፕሪፖማክስና ካልኩሊክስ፦ ለሮኬት ሞተር ኖዝል ቀላል የመዋቅር ሞዴል ምን ያህል ያገለግላሉ?

ፕሪፖማክስ በስሎቬኒያ ማሪቦር ዩኒቨርሲቲ በማቴይ ቦሮቪንሼክ የተሠራ፣ በነጻ የሚገኝና ኮዱ ክፍት የሆነ የፋይናይት ኤለመንት፣ ማለትም አንድን አካል ኤለመንት በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ከፍሎ የሚመረምር፣ ፕሮግራም ነው። ስሌቱን የሚሠራው ግን እሱ ራሱ አይደለም፤ ፕሪፖማክስ ሞዴሉ የሚዘጋጅበትና ውጤቱ በቀለም የሚታይበት መስኮት ሲሆን፣ ከጀርባው ሆኖ የሚያሰላው ካልኩሊክስ የተባለው ሶልቨር ነው። የካልኩሊክስን ሶልቨር ጊዶ ዶንት፣ አብሮት የሚመጣውን የሥዕል ክፍል ደግሞ ክላውስ ቪቲግ የጻፉት ሲሆን፣ ሁለቱም በሙኒክ ኤም ቲ ዩ ኤሮ ኤንጂንስ በተባለው የአውሮፕላን ሞተር ኩባንያ የሠሩ መሐንዲሶች ናቸው። ይህ የትውልድ ታሪክ ተራ መረጃ አይደለም። የጄት ሞተር ሰው የጻፈው ሶልቨር ስለሆነ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጥ የቁስ ባሕርይን፣ በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ የሚመጣ መለጠጥን፣ እንዲሁም እንደ ተርባይን ጎማ በዙሪያው የሚደጋገም ቅርጽን ከመጀመሪያው አስቦበታል፤ የሮኬት ኖዝልም (የቃጠሎው ጋዝ የሚወጣበት፣ እየሰፋ የሚሄድ አፍ) የሚፈልገው በአብዛኛው እነዚህኑ ነው።

እዚህ የምገመግመው ሁለቱን በአንድነት፣ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም የኖዝልን መዋቅር እያንዳንዱን ዝርዝር ሳይሥሉ፣ በተቃለለ ሞዴል ለመመርመር ምን ያህል ይመቻሉ የሚለውን። አስተያየቴን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ በዘንጉ ዙሪያ አንድ ዓይነት የሆነውን የኖዝል ሞዴል በተመለከተ ከዚህ የተሻለ ነጻ መሣሪያ አላውቅም። ነገር ግን የቱቦ ግድግዳን በአቻ ሼል፣ ማለትም ተመሳሳይ ጥንካሬ እንዲኖረው በተደረገ ቀጭን ልሙጥ ቅርፊት፣ መተካት የሚባለው ዋናው የማቃለያ ዘዴ ላይ ሲደረስ ፕሮግራሙ ተጠቃሚውን ለብቻው ይተወዋል፤ ስህተት ቢገባም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ማቃለል ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የአሜሪካውን የጠፈር መንኮራኩር ዋና ሞተር፣ ዛሬ አር ኤስ 25 የሚባለውን፣ መመልከት ይበቃል። የኖዝሉ ግድግዳ ጎን ለጎን በብሬዚንግ (በቀለጠ ማጣበቂያ ብረት) የተጣበቁ 1,080 ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ሲሆን፣ በውስጣቸው የሚያልፈው ቀዝቃዛ ሃይድሮጂን ግድግዳውን ከመቅለጥ ያድነዋል። ከበላዩ ያለው የቃጠሎ ክፍል ደግሞ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ ሲሆን 390 የማቀዝቀዣ ቦዮች ተቀርጸውበታል። የአንዱ ቱቦ ግድግዳ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር በታች፣ የኖዝሉ ቁመት ወደ 3 ሜትር በሆነበት ሁኔታ ሁሉንም ቱቦ በሜሽ (በኤለመንቶች መረብ) ለመሸፈን የሚነሳ ሰው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኤለመንቶችን ይዞ ይቀመጣል፤ ውጤቱንም የሚያመሳክርበት የእጅ ስሌት አይኖረውም። ስለዚህ የዘርፉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያደርጉት ጥያቄውን መከፋፈል ነው። አንዱ ሞዴል ግፊትንና ሙቀትን፣ ሌላው ንዝረትን፣ ሌላው የግድግዳ መጨማደድን፣ ሌላው ደግሞ የአንዲት ቦይ ወይም የአንዲት ቱቦ ውስጣዊ ውጥረትን ይመልሳል።

ፕሪፖማክስ አዲስ ሞዴል ሲከፈት የሚጠይቀው ነገር ለዚህ አሠራር የተመቸ ነው። ሞዴሉ 3 ልኬት ያለው ነው ወይስ ጠፍጣፋ፣ ወይስ በዘንግ ዙሪያ የሚሽከረከር ብሎ ይጠይቃል፤ ወዲያውም የመለኪያ አሃድ ያስመርጣል። የአሃዱ ጉዳይ ቀላል ቢመስልም በሚሊሜትር፣ በቶንና በሰከንድ የሚሠራ ሰው የብረትን እፍጋት 7.85 ሲካፈል ለአንድ ቢሊዮን አድርጎ ማስገባት ስላለበት፣ አሃዱን የማያውቅ ሶልቨር ላይ በእጅ የሚጽፍ ጀማሪ ንዝረቱን በብዙ እጥፍ ሊስት ይችላል። እዚህ ግን ቁጥሩን ከነአሃዱ መጻፍ ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ይለውጠዋል። የኖዝሉን ጎን የሚያሳየው መስመር በፍሪካድ ወይም በሌላ የንድፍ ፕሮግራም ተሥሎ በስቴፕ ፋይል ይገባል፤ ፕሪፖማክስ ራሱ የንድፍ ፕሮግራም ስላልሆነ ቅርጽን ከባዶ ለመሥራት አይሆንም። የኖዝሉ ዘንግ ቀጥ ያለው የዋይ መስመር፣ የግድግዳው ርቀት ደግሞ አግድሙ የኤክስ መስመር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ግፊቱን ለማስገባት ቀላሉ መንገድ የውስጡን ጠርዝ ከጉሮሮው እስከ መውጫው በቁርጥራጭ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ግፊት መስጠት ነው። ይህ የግድ ነው፤ ምክንያቱም በቃጠሎው ክፍል ወደ 20 ሜጋፓስካል የሚደርሰው የአር ኤስ 25 ግፊት ወደ መውጫው ሲቃረብ ከከባቢ አየር ግፊት በታች ይወርዳል። ከዚያም የቁጥሩን እውነተኛነት በእጅ ማመሳከር ይቻላል። ግማሽ ማዕዘኑ 15 ዲግሪ የሆነ ሾጣጣ፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረትና 300 ሚሊሜትር ራዲየስ ባለበት ቦታ 0.1 ሜጋፓስካል ግፊት ሲያርፍበት፣ የዙሪያው ውጥረት ግፊት ሲባዛ በራዲየስ፣ ሲካፈል ለውፍረቱና ለማዕዘኑ ኮሳይን ነው፤ ይህም 31 ሜጋፓስካል ያህል ይሆናል። ባለ ሁለተኛ ደረጃ ኤለመንቶችን የመረጠ ሰው ከጫፎቹ ራቅ ባለ ቦታ ይህንኑ ቁጥር ከስክሪኑ ማንበብ አለበት። ካላነበበ ሞዴሉ ስህተት አለበት ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው እርምጃ መሄድም የለበትም።

ሙቀት ሲጨመር የነገሩ መልክ ይለወጣል። በውስጥና በውጭ ፊቱ መካከል 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ያለበትን ግድግዳ እንውሰድ። የቁሱ ያንግ ሞጁል (ለመለጠጥ ያለው ግትርነት) 170 ጊጋፓስካል፣ የመስፋፋት መጠኑ በአንድ ዲግሪ 14 ሚሊዮንኛ፣ የፖይሰን ንጽጽሩ (ሲጎተት በጎን የሚጠብበት መጠን) 0.3 ቢሆን፣ ከጫፎቹ በራቀው ክፍል ውስጠኛው ፊት ላይ የሚፈጠረው የመጨመቅ ውጥረት 170 ሜጋፓስካል ነው። ይህ ከላይ ካሰላነው የግፊት ውጥረት ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። በኖዝል ላይ ግድግዳን ማወፈር ሁልጊዜ ማጠንከር የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ግድግዳው በወፈረ መጠን የሙቀት ልዩነቱ ይሰፋል፣ ውጥረቱም አብሮ ይጨምራል። ፕሪፖማክስ ሙቀቱንና መዋቅሩን በአንድ ስሌት አጣምሮ ይፈታል፣ የቁሱን ባሕርይ ከሙቀቱ ጋር በሰንጠረዥ ይቀበላል፣ ከመለጠጥ ገደብ ያለፈ ለውጥንም ያሰላል። የዚህን ክፍል አሠራር ለመተቸት ያገኘሁት ምክንያት የለም፤ በተለይ በዘንግ ዙሪያ የሚሽከረከረው ሞዴል በተራ ላፕቶፕ ላይ በአጭር ጊዜ ስለሚያልቅ ውፍረትን እየለዋወጡ ደጋግሞ ለማስላት ይጋብዛል።

ፈተናው የሚመጣው በአቻ ሼሉ ላይ ነው። የቱቦ ግድግዳ በቁመቱና በዙሪያው አንድ ዓይነት ጥንካሬ የለውም፤ ስለዚህ በሁለት አቅጣጫ የተለያየ ጥንካሬ ባለው፣ ኦርቶትሮፒክ በሚባል ለስላሳ ሼል ይተካል። ለምሳሌ የመካከለኛ ዲያሜትሩ 5 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 0.4 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቱቦ በየ5.4 ሚሊሜትሩ ተደርድሯል እንበል። የአንዱ ቱቦ የብረት ስፋት 6.28 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በቁመት ሲጎተት ግድግዳው 1.16 ሚሊሜትር ውፍረት እንዳለው ጠፍጣፋ ብረት ይቆጠራል። በዙሪያው ሲጎተት ግን እያንዳንዱ ቱቦ ከግራና ቀኝ እንደሚሳብ ቀለበት ወደ ሞላላነት ይለወጣል። የቀለበትን ቀመር ተጠቅመን ስናሰላው የግድግዳው አቻ ውፍረት 0.012 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ልዩነቱ ከ90 እጥፍ በላይ ነው። በእርግጥ በቱቦዎቹ መካከል የሚሞላው የብሬዚንግ ብረት ይህን ልዩነት ያጠበዋል። ቢሆንም በአር ኤስ 25 ላይ ከቱቦዎቹ ውጭ ያለው ጃኬትና በየርቀቱ የታሠሩት የማጠንከሪያ ቀለበቶች ለምን እንዳስፈለጉ ከዚህ የእጅ ስሌት በላይ የሚያሳይ ነገር የለም፤ የዙሪያውን ጉልበት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

አቻ ሼሉ መጎተትን ብቻ ሳይሆን መታጠፍንም በትክክል እንዲመልስ ውፍረቱ በዘፈቀደ ሊመረጥ አይችልም። የዚሁ ቱቦ የመታጠፍ ሞመንት 19.6 ሚሊሜትር በአራተኛ ኃይል ስለሆነ፣ ሁለቱን ሁኔታዎች የሚያሟላው የሼል ውፍረት 6.1 ሚሊሜትር፣ የቁመት ያንግ ሞጁሉ ደግሞ ከእውነተኛው ብረት 0.19 እጅ ነው። የቁሱ እፍጋትም በዚያው መጠን መቀነስ አለበት፤ በላዩም በቱቦው ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ክብደት ይጨመራል። የፈሳሹን ክብደት የረሳ ሰው የንዝረት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣለታል፣ ለምን እንደሆነም በቀላሉ አይገለጥለትም።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ፕሮግራሙ ማስገባት የሚቻለው በቁልፍ ቃል ማስተካከያው በኩል የካልኩሊክስን ትእዛዝ በእጅ በመጻፍ ነው። የትእዛዙ አጻጻፍ አባኩስ ከተባለው የንግድ ፋይናይት ኤለመንት ፕሮግራም ጋር ስለሚመሳሰል አባኩስን የሚያውቅ ሰው አይቸገርም፤ የማያውቅ ግን መመሪያውን ከፍቶ መቀመጥ ይኖርበታል። ዋናው ችግር ግን አቅጣጫው ነው። ካልኩሊክስ የቁሱን አቅጣጫ በሲሊንደር ሥርዓት ይቀበላል፤ የሲሊንደሩ ቁመት ግን ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሲሆን፣ የኖዝሉ ግድግዳ ደግሞ ከዘንጉ በማዕዘን ይርቃል፤ በደወል ቅርጽ ኖዝል ላይ ይህ ማዕዘን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሲሊንደር ሥርዓት ብቻ የተሠራ ሞዴል ጠንካራውን የቱቦ አቅጣጫ ከግድግዳው ውጭ ያሳየዋል፤ ስሌቱም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያልቃል፣ የሚያምር ሥዕልም ይሰጣል። መፍትሔው ኖዝሉን በቀለበት ቀለበት ከፍሎ ለየክፍሉ የራሱን አቅጣጫ መስጠት ወይም ለእያንዳንዱ ኤለመንት አቅጣጫን የሚወስን ሰንጠረዥ በአጭር የፓይተን ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ይህ በመስኮቱ ውስጥ በአንድ ቁልፍ ቢገኝ ኖሮ የግምገማዬ ድምፅ ሌላ በሆነ ነበር።

ሌላው ማወቅ ያለብን ካልኩሊክስ ሼልን እንደ ሼል የማያሰላ መሆኑን ነው፤ ውፍረቱን ሰጥቶ ወደ 3 ልኬት ጡብ ይለውጠዋል። በዚህ ምክንያት የተለያየ ውፍረት ያላቸው ወይም በማዕዘን የሚገናኙ ሼሎች በሚጋጠሙበት ቦታ፣ ለምሳሌ የማጠንከሪያው ቀለበት ከግድግዳው ጋር በሚያያዝበት፣ ሶልቨሩ መጋጠሚያውን እንደ ግትር አካል ያስረዋል። ከአጠቃላዩ እንቅስቃሴ አንጻር ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ እዚያው መጋጠሚያ ላይ የሚነበብ ውጥረት ግን አይታመንም። በተጨማሪም ውጤቱ በ2 ልኬት እንዲወጣ ያዘዘ ሰው በውፍረቱ ላይ አማካይ ስለሚወሰድ የመታጠፉ ውጥረት ይጠፋበታል፤ መመሪያው ይህን በግልጽ ይናገራል። ከአቻ ሼል የሚነበበውም ውጥረት የቱቦው ውጥረት አይደለም። የሼሉን ኃይልና ሞመንት ወስዶ በእውነተኛው የቱቦ ቅርጽ ላይ እንደገና ማስላት የተንታኙ ግዴታ ነው።

ንዝረትን በተመለከተ ግን ካልኩሊክስ የጄት ሞተር ዝርያነቱን ያስመሰክራል። የኖዝሉን አንድ ቁራጭ ብቻ በሜሽ ሸፍኖ፣ በዙሪያው እንደሚደጋገም በመንገር፣ የሚፈለገውን የሞገድ ቁጥር መርጦ የንዝረት ቅርጾችን ማግኘት ይቻላል። ትልቅና ቀጭን ኖዝል ላይ ትኩረት የሚሹት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ኖዝሉ እንደ ፔንዱለም ወደ ጎን የሚወዛወዝበት፣ ሁለተኛው መውጫው ወደ ሞላላነት የሚለወጥበት ቅርጽ ነው። ሞተሩ በምድር ላይ ሲነሳ ጋዙ ከግድግዳው እኩል ባልሆነ ሁኔታ ስለሚላቀቅ የጎን ኃይል ይፈጠራል፤ እነዚህን ቅርጾች የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። በ1979 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የጠፈር መንኮራኩሩ ሞተር በሙከራ ላይ ሳለ፣ ሃይድሮጂንን ወደ ኖዝሉ የሚያደርሰውና በቅርጹ ስቲርሆርን የተባለው ቱቦ የተሰበረው ከዚሁ የጎን ኃይል ጋር በተያያዘ ምክንያት ነበር። በዘንግ ዙሪያ የሚሽከረከረው ሞዴል ይህን ዓይነት ጭነት ጨርሶ አይቀበልም፤ አባኩስ ለዚህ የሚሆን ልዩ ኤለመንት ሲኖረው ካልኩሊክስ የለውም። ስለዚህ የጎን ኃይልን የሚመረምር ሰው ሙሉውን ዙሪያ በሼል መሥራት አለበት።

የግድግዳ መጨማደድም እንዲሁ ሙሉውን ዙሪያ ይጠይቃል፤ ጭምድዱ በዙሪያው በሞገድ የሚሄድ ስለሆነ በዘንግ ዙሪያ የሚሽከረከረው ሞዴል አያየውም፣ ያልተገባ መተማመንንም ይሰጣል። ከውጭ ያለው የአየር ግፊት ከውስጡ የጋዝ ግፊት ሲበልጥ የመውጫው አካባቢ ወደ ውስጥ ይጨመቃል። ፕሪፖማክስ የመጨማደድ ስሌትን እንደ አንድ ተራ እርምጃ ያቀርባል፤ የሚሰጠው ቁጥር ግን ለፍጹም ቅርጽ የተሰላ ነው። ቀጭን ሼል ደግሞ በትንሽ የቅርጽ ጉድለት ከዚያ ቁጥር በጣም ባነሰ ጭነት ይጨማደዳል፤ ስለሆነም ውጤቱን በጥንቃቄ ቀንሶ መውሰድ ይገባል።

እዚህ ላይ በአሪያን ሮኬቶች ተከታታይ ቁጥር በረራ 157 የተባለውን የአሪያን 5 በረራ ማንሳት ተገቢ ነው። ዲሴምበር 11 ቀን 2002 የተተኮሰው ይህ ሮኬት፣ የአዲሱ ኃይለኛ ሞዴል የመጀመሪያ በረራ ሲሆን፣ ሆት በርድ 7 እና ስተንቶር የተባሉ ሁለት ሳተላይቶችን እንደያዘ ጠፋ። መርማሪ ቡድኑ የደረሰበት፣ የቩልካን 2 ሞተር ኖዝል ማቀዝቀዣ ቱቦዎች ተሰንጥቀው እንደፈሰሱ፣ ግድግዳው ከልክ በላይ እንደጋለና ቅርጹን እንዳጣ ነው። ከምክንያቶቹ መካከል ሞተሩ በበረራ ላይ የሚገጥመው ጭነት በንድፍ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አለመታወቁ ተጠቅሷል፤ በምድር ላይ የሚደረግ ሙከራ የሕዋውን ባዶነት አይተካምና። ኖዝሉ ተጠናክሮ ይኸው የሮኬቱ ሞዴል እንደገና የበረረው በፌብሩዋሪ 2005 ነበር። የትኛውንም ሶልቨር የሚገመግም ሰው ይህን ማስታወስ አለበት፤ ፕሪፖማክስ የተሰጠውን ጭነት በትክክል ያሰላል፣ ያልተሰጠውን ግን ከየት ያመጣዋል?

ስለ ዋጋው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። የአባኩስ የተማሪ ቅጂም በነጻ ቢሰጥም በ1,000 ኖድ (የኤለመንቶች መገናኛ ነጥብ) የተገደበ ነው፤ ይህ ለዘንግ ዙሪያ ሞዴል ሊበቃ ይችላል፣ ለሙሉ ሼል ግን ጅምርም አይሆንም። የንግድ ፈቃድ በውጭ ምንዛሬ የሚከፈልበት በመሆኑ ለአገራችን የምህንድስና ተማሪና ለአነስተኛ ቢሮ ልዩነቱ ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። ፕሪፖማክስ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው፤ ሊነክስ የሚጠቀም ሰው ካልኩሊክስን ከፍሪካድ ጋር ወይም ከራሱ የሥዕል ክፍል ጋር ማቀናጀት ይችላል፣ ምንም እንኳ የኋለኛው አሮጌ መልክ ያለውና ትዕግሥት የሚጠይቅ ቢሆንም። የካልኩሊክስ መመሪያ ረጅምና ጥልቅ ሲሆን፣ ከትእዛዞቹ ጀርባ ያለውን ሒሳብ ሳይቀር ያብራራል፤ ለማንበብ ጊዜ የሰጠ ሰው አይከስርም።

ፕሮግራሙን ለመጀመር የሚያስብ ሰው በአንድ ሾጣጣ ቢጀምር፣ የ31 ሜጋፓስካሉን ስሌት ከስክሪኑ ጋር ካመሳከረ በኋላ ሙቀትን ቢጨምር፣ ከዚያም ያንኑ ሾጣጣ በተራ ብረት ሼል ሠርቶ ሁለቱ ሞዴሎች አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸውን ቢያይ መልካም ነው። ወደ ኦርቶትሮፒክ ሼል መሸጋገር ያለበት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን ሙሉውን ኖዝል ከመሥራቱ በፊት ጥቂት ቱቦዎችን በእውነተኛ ቅርጻቸው በ3 ልኬት ሠርቶ፣ ሲጎተቱና ሲታጠፉ የሚሰጡት መልስ ከአቻ ሼሉ መልስ ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ አለበት። ይህን የማረጋገጫ ሞዴል ፕሪፖማክስ በሚገባ ይሠራዋል።